የተዘጋውን ጅረት የከፈቱት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህታችን፣ ከቤተሰብ አልፎ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም «እታለም» እያለ የሚጠራቸው የውሃ መሐንዲሷ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት አባታቸውና በዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ማሽን ላይ ይቆሙ ከነበሩት እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ፋብሪካው በግንቡ ጥግ ለሠራተኞቹ ከደረደራቸው ባለ አንድ ክፍል ቤቶች በአንዱ ነው። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከእሳቸው በታች አንዲት እህትና ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እኔ ታናሽ ወንድማቸው እንገኛለን።

በዚያን ጊዜ ከቤታችን ጀርባ የሚያልፈው ጅረት የዕለቱን ቀለም ለብሶ ይወርድ ነበር። አባታችን ምን ሲያቀልሙ እንደዋሉ ለማወቅ ወደ ጓሮ ብቅ ማለት ይበቃን ነበር። እታለም ትምህርት ቤት በገቡበት ዓመት ግን የፋብሪካው አስተዳደር ሽታው በዛ ብሎ ጅረቱን ቱቦ ውስጥ አስገባና ላዩን በኮንክሪት ዘጋው። ሽታው ሄደ፤ ውሃው ግን የሚሄድበት አልነበረውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ቱቦው መሸከም ሲያቅተው ውሃው በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ክፍላችንን ይሞላዋል። አልጋው ጡብ ላይ ይወጣል፣ እኛ ልጆች ደግሞ አልጋው ላይ እንወጣለን። አባታችን ቀልድ አያልቅባቸውምና «ተነሡ፣ የቤቱ ባለቤት መጥቷል!» ይሉን ነበር። እናታችን አይስቁም፤ ባልዲያቸውን አንሥተው መቅዳት ይጀምራሉ።

አንድ ክረምት ከታችኛው ረድፍ አንዲት አቅመ ደካማ እናት ከአልጋቸው ሳይነሡ ውሃው ቀደማቸው። ሰው ሁሉ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ሲል፣ እታለም አባታችንን «ለምን ለውሃው መንገዱን አይመልሱለትም?» ብለው እንደጠየቁ አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ያወሩት ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. ምሕንድስና ኮሌጅ ገቡ። በውሃ ክፍሉ ከእሳቸው ሌላ ሴት ተማሪ አልነበረችም። ሲመረቁም በማዘጋጃ ቤቱ የውሃና ፍሳሽ መምሪያ ተቀጠሩ። ሥራ በገቡ ሰሞን የተደፈነ ማንሆል ለማየት ሊወርዱ ሲሉ የጉልበት ሠራተኞቹ አለቃ «ኧረ ይተዉት እትዬ፣ ልብስዎ ይበላሻል» ቢሏቸው፣ «ልብሱስ ይታጠባል፤ እኔን የቸገረኝ የማይታጠበው ሰፈር ነው» ብለው መሰላሉን ይዘው ወረዱ። አለቃው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታቸው ድረስ ከእታለም ጋር ካልሆነ ጉድጓድ አልወርድም የሚሉ ሰው ሆኑ።

በ1980 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የተዋወቁት መምህሩ የትምህርት ቤታቸው መጸዳጃ ሞልቶ ግቢውን እንዳጥለቀለቀው ለማመልከት ቢሮ በመጡ ጊዜ ነው። በሠርጉ ዕለት መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «የሌላው ሰው አማላጅ ሽማግሌ ነው፤ የእኔ አማላጅ ግን የማይጠራ ነውና እዚህ አልጋበዝሁትም» ሲሉ እንግዳው በሳቅ ፈነዳ። በ1986 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን ወለዱ። ሁለተኛ ልጅ እንግዲህ የለም ብለው ተስፋ በቆረጡበት ዕድሜ፣ በ1995 ዓ.ም. ወንድ ልጅ አገኙ። መራመድ ሳይለምድ መዝለል የጀመረ ልጅ ስለነበር ቤቱ ሁሉ «ፌንጣ» አለው፤ በዚያው ቀረ።

ፋብሪካው ከስሮ የተዘጋው ሴት ልጃቸው በተወለደችበት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግቢው ባለቤት እንደሌለው ከብት ቀረ። በሮቹ ተነቀሉ፣ የማሽኖቹ ብረት ተሽጦ አለቀ፣ አፈሩ በቀለምና በዘይት ተመርዞ ሣር እንኳ ሳያበቅል ቆየ። በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ በቦታው ላይ መኖሪያ፣ ሱቅ፣ የእጅ ሥራ ቤቶችና ትምህርት ቤት በአንድነት የያዘ አዲስ ሰፈር ለመሥራት ሲወስን፣ የውሃውን ሥራ የሚመራ ሰው ፈለገ። እታለም ሳይጠሩ ሄዱ። «ያደግሁበት ነው፤ ውሃው ያውቀኛል» አሉ።

ዕቅዳቸው በአጭሩ ይህ ነበር። የተመረዘው አፈር ተቆፍሮ ይወጣል። የታሰረው ጅረት ይፈታና እንደ ጥንቱ ፀሐይ እያየው በሰፈሩ መካከል ይወርዳል። መንገዶቹ ዝናብ በሚያሰርግ ንጣፍ ይሠራሉ፤ የጣሪያ ውሃ በየፎቁ ሥር ተጠራቅሞ መጸዳጃ ያጥባል፣ አትክልት ያጠጣል። ከሁሉም በታች ደግሞ ሰፊ ኩሬ ይቆፈራል፤ በበጋ መናፈሻ ይሆናል፣ በክረምት ጎርፉን ተቀብሎ እያሳደረ ቀስ አድርጎ ይለቃል። ከኩሬው በታች ያለው የድሮ ሠራተኞች ሰፈር ነበርና ኩሬው የተቆፈረው ለእነርሱ ነው ማለት ይቻላል። የፋብሪካው ባለ መጋዝ ጥርስ ጣሪያ እንዳይፈርስ የተሟገቱትም እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ አናጺዎችና ጫማ ሰፊዎች የሚሠሩበት አዳራሽ ያ ነው።

ሁሉም እንዳሰቡት አልሆነም። ሕንፃዎቹን የሚሠራው ድርጅት ኩሬው መሬት በላብኝ ብሎ፣ ጅረቱ ወደ ቱቦው እንዲመለስና በላዩ ላይ ሱቆች እንዲሠሩ ጠየቀ። ክርክሩ ብዙ ወራት ፈጀ። በመጨረሻም የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ምርጫ አቀረቡላቸው፤ በዕቅዱ የኩሬው ዳር ዙሪያውን እየተንሸራተተ የሚገባ ለስላሳ ተዳፋት ነበርና፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ተዳፋት ቀርቶ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ይሁንና በተረፈው መሬት ላይ አንድ ረድፍ ሱቅ ይሠራ፣ ኩሬውና ጅረቱ ግን ይቆዩ። እታለም ፈረሙ። ያን ሰሞን ሲያገኙኝ «ጭራሽ ከማጣት ይሻላል ብዬ ነው» አሉኝ፤ ፊታቸው ግን ጥሩ አልነበረም።

በ2000 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲመረቅ ከቤተሰባቸው ጋር ኩሬውን ቁልቁል ከሚያየው ፎቅ ላይ ገቡ። መምህሩ የድሮውን ቤት መልቀቅ አልፈለጉም ነበር። እታለም ግን «ያበሰልሁትን እኔው ካልቀመስሁት ማን ያምነኛል?» ብለው አግባቧቸው። ሦስት ዓመት በደስታ ኖሩ። ፌንጣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በጅረቱ ዳር ዳር እየዘለለ ይመጣ ነበር፤ ሱቆቹም ሰውም ያውቁታል።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ከባድ ዝናብ በጣለበት ከሰዓት በኋላ ኩሬው እንደታሰበው እስከ አፉ ሞላ። ልጁ ውሃው ሲሞላ ለማየት በምሥራቁ ግንብ ላይ ባለው አጥር ተንጠላጥሎ እንደነበር ትይዩ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ አይተዋል። ጮኸው ከሱቃቸው እስኪወጡ ልጁ አጥሩ ላይ አልነበረም። ግንቡ ቀጥ ያለ፣ የሚጨበጥ ነገር የሌለው ነበርና መውጣት አልቻለም። ስምንት ዓመቱ ነበር።

አጣሪ ቡድን ተቋቁሞ፣ አደጋው ድንገተኛ ስለሆነ የሚጠየቅ ሰው የለም ሲል ደመደመ። እታለም ይህን አልተቀበሉም። መምሪያው ድረስ ሄደው «ግንቡን የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቅ የለም ብላችሁ አትጻፉ» አሉ። አለቆቻቸው ኀዘን አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው ብለው ዝም አሏቸው፤ ደጋግመው ሲመጡባቸው ግን በጡረታ አሰናበቷቸው።

ወዲያው የሰፈሩ ነዋሪዎች ተሰበሰቡ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለቤተሰባችን ካላቸው ሐዘኔታ የተነሣ፣ ኩሬው በአፈር ተደፍኖ ላዩ በኮንክሪት እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረቡ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ይደፈን!» አለ። እታለም ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ከኋላ ተነሡ። እሺታቸውን ሊሰጡ የተነሡ ነበር የመሰለን።

«ቢደፈን ውሃው የት ይሂድ?» አሉ። «ታች ሰፈር ወርዶ ሰው ይበላል። የሰው ልጅ ይበላል። ውሃው ምን አደረገ? ያለቦታው አልመጣ። ግንቡን ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ ግንቡን አፍርሱልኝ። ኩሬውን ግን አትንኩ።»

መምህሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ቀስ ብለው ተነሥተው «ለውሃው ጠበቃ አገኘሽለት። ለልጄስ ማን ይሟገትለት?» አሉና በመካከላችን አልፈው ወጡ። እዚያ የነበርን ሁሉ ይህን ሰምተናል፤ መደበቅ አይቻልም፣ መደበቁም ለሁለቱም ክብር አይሆንም። መምህሩ በዚያው ሳምንት ወደ እናታቸው ቤት ሄዱ። ፍቺ አልጠየቁም፤ አልተመለሱምም። ሴት ልጃቸው ሳምንቱን ከእናቷ፣ ቅዳሜና እሁድን ከአባቷ ጋር እየሆነች ትምህርቷን ጨረሰች። የአንዱን ወሬ ወደ ሌላው ላለማድረስ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንደበቷን የቆለፈች ልጅ ናት።

ግንቡን ማፍረስ ሁለት ዓመት ወሰደ። የሱቅ ባለቤቶች ከሰሷቸው፣ ድርጅቱ አልከፍልም አለ፣ በጥሩ ዓይን ያዩዋቸው የነበሩ ጎረቤቶችም «ይቺ ሴት ልቧ ድንጋይ ነው» ይሉ ጀመር። እታለም ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ፣ ጸጉራቸው ነጣ። ከሱቃቸው ራሳቸው ወደው በመጀመሪያ የለቀቁት ልብስ ሰፊው ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. ግንቡ ፈረሰ፤ በቦታው ሕፃን ልጅ እንኳ በዳዴ ሊወጣበት የሚችል፣ ቄጠማ የበቀለበት ተዳፋት ተሠራ። ሥራው ሲያልቅ ምረቃ ይሁን ቢባል እሳቸው እቤታቸው በራቸውን ዘጉ።

በ2009 ዓ.ም. ከተማው ከዚያ በፊት ያላየው ዝናብ ጣለ። በሌሎች ሰፈሮች የብዙ ሰው ሕይወት አለፈ። የእኛ ኩሬ ግን ሞልቶ ያዘው፤ ታችኛው ሰፈር አንድ ቤት እንኳ ውሃ አልገባበትም። በማግሥቱ የታችኛው ሰፈር ሰዎች፣ ከነልጆቻቸው፣ ሊያመሰግኑ ደረጃውን ሞልተው መጡ። እታለም አልከፈቱም። እኔ ውስጥ ነበርሁና «እታለም፣ እስቲ ስንት ልጅ እንደዳነ አስቢ» ብላቸው፣ እንደዚያ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። «አንዱን በሌላው አታጣፋልኝ!» አሉኝ። «እነሱ በመዳናቸው ደስ ብሎኛል። የእኔ ግን አልዳነም። ሁለቱ አይገናኙም፤ እንዳታገናኝብኝ።» ከዚያ ወዲህ አላነሣሁባቸውም።

የቀሩትን ዓመታት ለብቻቸው ኖሩ። ዝናብ ሲጥል ቦት ጫማቸውን አጥልቀው የጅረቱን ወንፊቶች ከቅጠልና ከፕላስቲክ ያጸዱ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ይፈሯቸዋል፤ ውሃ ዳር የሚጋፋ ልጅ ካዩ ድምፃቸው ሩቅ ይሰማ ነበርና።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞች የተቻላቸውን አድርገዋል፤ በሽታው ግን ዘግይቶ ነበር የታየው። ሆስፒታል በተኙበት የመጨረሻ ወር ልጃቸው አባቷን ይዛ መጣች። መምህሩ በከዘራ እየተደገፉ ገብተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«መጣህ?» አሏቸው እታለም።

«መጣሁ።»

«ያስተካከልሁትን አየኸው?»

«አላየሁም» አሉ መምህሩ። «ወደዚያ ሰፈር እግሬን አላነሣም። አልዋሽሽም።»

«አልፈርድብህም» አሉ እታለም። ከዚያ ውሃ ጠየቁ። መምህሩ በማንኪያ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህሩ ከክፍሉ አልተለዩም፤ ስለ ልጁም ሆነ ስለ ኩሬው ሌላ ቃል ሲለዋወጡ አልሰማንም።

እህታችን እታለም በ2016 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የመምህሩ ሚስት፣ የአንዲት ሴት ልጅና የፌንጣ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት፣ የእኛ ደግሞ እህትም እናትም ነበሩ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ኩሬውን በስማቸው ለመሰየም ማሰቡን ቤተሰቡ ሰምቶ አመስግኗል፤ እሳቸው ግን በሕይወት ሳሉ አጥብቀው እንቢ ብለዋልና ፈቃዳቸው እንዲከበር እንለምናለን። በኑዛዜያቸው መሠረት ሥርዓተ ቀብራቸው በወንድ ልጃቸው መቃብር አጠገብ ይፈጸማል።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ለመምህሩ ባነበብሁላቸው ጊዜ አንድ ነገር ጎድሏል አሉኝ። እታለም በሕይወት ሳሉ እንዲወራ ስለማይፈቅዱ ሳልጽፈው ትቼው ነበር። መምህሩ ግን በራሳቸው ቃል እንዲገባ ጠይቀዋልና እንዳሉት አቀርበዋለሁ፦ «ልጃችንን ከውሃው ያወጣችው እሷ ናት። ዋና አትችልም። እንደማትችል እያወቀች ነው የገባችው። ይህ ይጻፍልኝ።»

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ በምድር ያጡትን በእርሱ ዘንድ ያግኙት። ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን።