ስለ ተነከሰው አንሶላ የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ዶክተር
ባሉበት

ጤናዎ እንደ ነጭ ጋውንዎ እንከን የሌለበት፣ ወገብዎና ዳሌዎም ከጉዳት የራቁ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ዳሌዎ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው በአያቴ ትእዛዝ ነው። የተሰበረ ዳሌያቸውን በእርስዎ ክፍል ተጠግነው የወጡት ልብስ ሰፊው አያቴ፣ «አንሶላቸውን አበላሽቻለሁና ይቅርታ ጠይቅልኝ» ብለውኛል። ያዘዙኝ ይህችን ብቻ ነበር፤ የቀረውን ቀጣጥዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አንደኛ፣ በየማለዳው ተማሪዎችዎን አስከትለው «አባት፣ እንዴት አደሩ?» ስላሉልን እናመሰግናለን። አያቴ እንኳን ለዶክተር፣ በር ላንኳኳ ሁሉ ብድግ የሚሉ ሰው ናቸውና፣ በተሰፋ ዳሌ ለመነሣት እየታገሉ፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሉ ነበር። እርስዎም «ጎበዝ አባት!» ብለው፣ ሕመም እንደሌለባቸው አስጽፈው ያልፋሉ። ሰላምታው ምርመራ መሆኑን ባለማወቃችን ይቅርታ። በእኛ ቤት እንዴት አደርክ ሲባል የምሩን የመለሰ ሰው የለም፤ እኔም ፈተና የወደቅሁ ዕለት «ደህና» ነው ያልኩት።

ሁለተኛ፣ አጠገባቸው የተኛው ኳስ ተጫዋች ጎረምሳ ጉልበቱን ተቀዶ ኮሪደሩን በጩኸት ሲያናጋው፣ ነርሷ መርፌ ይዛ እየሮጠች ስለደረሰችለት ደስ ብሎናል። እግዜር ይማረው፣ ጉሮሮ አለው። ለአያቴም ማስታገሻ እንድትሰጥልኝ ነርሷን ስለምናት ግን «ለሽማግሌ መድኃኒቱ ይከብዳል፤ ደግሞስ መች ጮኹ?» ተባልኩ። ለዕድሜያቸው ተመጥኖ አይሰጥም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ «አንተ ልጅ፣ ዶክተር ነህ እንዴ?» ተባልኩ። አይደለሁም። ዶክተር ብሆንማ እኔም ሰላም ብያቸው አልፍ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሊያራምዳቸው የመጣው ባለሙያ ስንፍናቸውን አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ስለነገረን ምስጋናችን ይድረሰው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጡ የኖሩት አያቴም ሰምተውታል። መራመድ በነበረባቸው ጊዜ ሕመሙ አላስነሣቸው አለ፤ አሁን ደግሞ እግራቸው እምቢ ብሏል። መኪናቸው እቤት መስኮቱ ሥር እንደቆመ ነው። እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው እሱን ያያሉ፤ እኔ እሳቸውን ላለማየት ውጭ ውጭውን አያለሁ።

አራተኛው አንሶላው ነው። ዕቃችንን ሸክፈን ልንወጣ ስንል ነርሷ «ይሄን ደግሞ ማን በላው? ወስዳችሁ ሰፍታችሁ መልሱ!» ብላ ተቆጣች። ጫፉ በጥርስ ተዘልዝሏል። አያቴ አንገታቸውን ደፉ። ያ ሁሉ ጩኸታቸው የት ይገባ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ለሰጡን ሁሉ፣ ይልቁንም ለነፈጉን፣ አያቴ መጎንበስ ስለማይችሉ በእሳቸውም ፈንታ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አንሶላው ታጥቦ ተልኳል። ጠርዙን አያቴ በጀርባቸው ተኝተው በእጃቸው ዘምዝመውታል፤ የጥርሱ ምልክት ግን ከስፌቱ ሥር አሁንም ያስታውቃል። የሚቀጥለውን አዛውንት ሲያስተኙበት፣ «እንዴት አደሩ?» ከማለትዎ በፊት እባክዎ ጫፉን ይመልከቱልኝ። አንሶላ «ተመስገን» ማለት አያውቅም።