አያኮ ወይስ ፉሚኮ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ምሳዬን ጠረጴዛዬ ላይ በላሁ። የሜክሲኮ ኩባንያ ሰዎች የስቱዲዮአችንን አሮጌ የካርቱን ፊልም በዲስክ ሊያወጡት ነው። አድናቂዎቹ ማን እንደሣለው፣ ማን እንደቀባው ማወቅ ይፈልጋሉ አሉ። የሠራተኛው ስም ሁሉ በላቲን ፊደል ይጻፍ። በእኛ በጃፓኖች ጽሕፈት ደግሞ አንዱ ስም ሁለት ሦስት ዓይነት ይነበባል... ያለው መላ ባለቤቱን ደውሎ መጠየቅ ነው። ስድሳ አንድ ሰው። ፊልሙ አርባ አራት ዓመቱ። ስንቱ በሕይወት ይኖር ይሆን?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
አንድ ቀረ። ቀለም ቀቢዋ ኦሪሃራ። ፉሚኮ ወይስ አያኮ? አለቃዬ አቶ ቱኩዳ፣ "የድሮዎቹ ሁሉ ፉሚ ነው የሚሏት። ላኪው" አለ። ፉሚኮ ብዬ ላክሁት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14
ኦሪሃራ ናጋኦካ ከተማ ተገኘች። ስልኩን ያነሳው ባሏ ነው። "ፉሚ፣ ከቶክዮ ነው" ሲል ሰማሁ። ስሟ እንዴት እንደሚነበብ ለወጉ ያህል ጠየቅኋት። 
"አያኮ ነው" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የገባሁ ቀን ኃላፊው ፉሚኮ ብሎ አነበበው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ማረም አፈርኩ። በማግስቱም አፈርኩ። ከዚያማ ረፈደ።"
"ባለቤትዎስ?"
"የተገናኘነው እዚያው ነው። መጀመሪያ አፍሬ፣ ኋላ እንዳይከፋው ብዬ... አያኮ ትለኝ የነበረችው እናቴ ናት። እሷም በዚያው ዓመት አረፈች። ተይው ልጄ፣ ሰው አታስቸግሪ።"
ልተወው?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15
ለአቶ ቱኩዳ ነገርኩት።
"ሂዳካ፣ የስም ዝርዝሩ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሜክሲኮ ውስጥ ማን ያውቃታል?" አለኝ።
"እሷ ታውቃለች።"
ከአፌ አመለጠኝ። ስድስት ዓመት ስሠራ ተከራክሬው አላውቅም። ጆሮው ቀላ።
"ጻፊላቸው እንግዲህ። ቢቆጡ ግን እኔ የለሁበትም።"

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16
የሜክሲኮው ኩባንያ ሠራተኛ ኢትሴል መለሰች። ኅትመቱን አስቁማዋለች። "እንኳን ነገርሽን። ምኑን ነው የቀባችው?" ትላለች።
ናጋኦካ ደወልኩ። በአያኮ ላስቀይረው ነው፣ ካልፈለጉ ይቀራል አልኳት።  "ይሁን" አለች። ምን እንደቀባችም ጠየቅኋት።
"ፊልሙ ውስጥ ያለችውን ልጅ አረንጓዴ ካፖርት። ሥዕል በሥዕል ሁለት ሺህ ጊዜ ሳልቀባው አልቀርም።"

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17
ለባሏ ሳትነግረው... ትዳር ውስጥ ምን ጣልቃ አስገባኝ?

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20
ዲስኩን ልኬላት ነበር። ዛሬ ራሷ ደወለች።
ትናንት ፖስታውን የከፈተው ባሏ ነው። መነጽሩን አድርጎ ስሟን ፊደል በፊደል አነበበ። "ተሳስተዋል" አለ። "አልተሳሳቱም" ብላ ሁሉንም ነገረችው። ተነስቶ ወጣ።  ሌሊቱን እሷ እንቅልፍ አልወሰዳትም።
ዛሬ ጠዋት በረዶ ሊጠርግ ደጅ ወጥቶ፣ "አያኮ፣ ጓንቴን አቀብይኝ" አላት።
"ታምኚኛለሽ ልጄ?" አለችኝ። "ማንን ነው የሚጠራው ብዬ ዞር አልኩ።"