ደሙ ሳይታጠብ የላክሁት እርጎ

እሑድ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት

እሺ አሉ! አዴ ፋጡማ እሺ አሉ! እንዴት አደርሽ ደብተሬ፤ ሰላምታሽንም ረሳሁት። አስታራቂው ኦቦ ሁሴን ሽማግሌዎቹን ይዘው ደጃቸው ስንቴ ተመላለሱ፤ ዛሬ ገና ግቡ ተባሉ።

ወንድሜ ታደሰ የአዴ ፋጡማን ልጅ ከድርን በጠብ ገደለ። ፍ/ቤት ፈረደበት፣ ታሰረ፣ ጨርሶ ወጣ። ደሙ ግን አልደረቀም። አሰላን ቢረግጥ የከድር ወንድሞች አይምሩትም። ሲሬ፣ አክስታችን ቤት፣ እንደ ሌባ ተደብቋል። አሁን ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ይከፈላል፣ ይታረዳል፣ ሁለቱ ቤት እጁን ታጥቦ አብሮ ይበላል፣ አለቀ። እልል!

ሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ ከሰዓት

ደስ ሲለኝ እጄም አፌም አይያዝም። እርጎ በጮጮ ሞልቼ ለአዴ ፋጡማ ላክሁ። ሥጋ ብልክ ክርስቲያን ያረደው ነው ይላሉ ብዬ ተጠንቅቄ! ብልህ ነኝ እኮ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ብልህ! ኦቦ ሁሴን መጡ፤ ግቡ ብል አልገባም አሉ፣ ደጅ ቆመው ተቆጡኝ። ደም ሳይታጠብ ከገዳይ ቤት የወጣ እንዴት ይቀመሳል? ልጃቸውን በእርጎ ልትክሺያቸው ነው ወይ? የሃይማኖቱን ሳስብ የደሙን ረሳሁት። ሁለተኛ ደረጃ ተምሬ!

ጮጮው ከነእርጎው አጥራቸው ሥር ነው። የሚነካው የለም። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ አንሄድም ብለዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

በሲሬ አውቶቡስ መልእክት መጣ። ታደሰ ሰልችቶታል። ነገ ገበያ መሐል እቆማለሁ፣ ይግደሉኝና ይረፉ፣ እናንተም እረፉ ይላል። አይሆንም ብዬ መለስኩ፤ ይስማኝ አይስማኝ እንጃ።

የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል። ሐዘኔን ደብቄ ስስቅ ጎረቤት አይቶ ምን ችግር አላት ይላል። ተስፋ የለኝም፣ ደብተሬ። ወንድሜን በእጄ ገደልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ቅዳሜ አልመጣም። አክስቴ ጫማውን ደበቀችበት፤ በባዶ እግሩ ለመሞት አፈረ መሰለኝ።

ዛሬ ጮጮዬን ላነሳ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። የማወራው ጠፋኝ። እኔን! ፀሐይዋ አዘነበለች። አዴ ፋጡማ ብቅ አሉ።

«አንቺ፣ ዛሬስ ምላስሽን ማን ዘረፈሽ?»

አለቀስኩ። እሳቸውም። እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ከዚያ እርጎውን ደፉት፤ ለምለም ሣር ጮጮው ላይ አድርገው አቀበሉኝ። ሣሩን ወስጄ ለኦቦ ሁሴን አሳየሁ፤ ለምለም ሣር እርቅ ማለት ነውና ዳግመኛ ሊሄዱ ከዘራቸውን አነሡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ይዘው መጡ። ታደሰ ይመጣል፤ ከአዴ ፋጡማ ልጆች ጋር ይታጠባል፣ ይበላል፣ ማንም አይነካውም። በማግስቱ ከዚህ አገር ይሄዳል። ለዘላለም። ያንን እጅ ገበያ ውስጥ እያየሁ ልኖር አልችልም ብለዋል አዴ ፋጡማ። ምን ልበላቸው? እኔስ ብሆን?

ስንት ዘመን ደጅ ጠንቼ ወንድሜን ለአንድ ቀን አገኘሁት። ሲሬ ተደብቆ ሳለ ቢያንስ ቅርቤ ነበር።

ይሁን። ደም ቆመ። ልጆቻቸውም ገዳይ አይሆኑም። ሁለት ወይፈን ይጣላል፤ አንዱን ሼኩ፣ አንዱን የኛ ሰው ያርዳል። እልል ልል ነው፣ ድምፄ ከወጣ። የሲሬም የጮሌም ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የተቀየመኝም ቢሆን፣ ማንም እንዳይቀርብኝ፤ ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17።