በምላስ የተመረመረ ዱቄት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለው ወይ? አባታችንስ በምርኩዝም ቢሆን ደጅ እየወጣ ፀሐይ ይሞቃል? የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው? ስለ እኔ የሰማሽው ከእውነቱ የተጋነነ ሳይሆን አይቀርም፤ ተመስገን፣ በሕይወት አለሁ። ከግራ ቅንድቤ በላይ ሰባት ቦታ ተሰፍቻለሁ፤ ሁለት ጣቶቼም ተሰብረዋል። የተሰበሩት የግራ እጄ ስለሆኑ ይኸው ራሴ እጽፍልሻለሁ። ልጅሽም ተርፋለች። በስልክ «የምክር ቤት ሰብሳቢ ነህ፤ ልጄን ከክሱ አውጥተህ ዛሬውኑ ላክልኝ» ያልሽኝን ግን አልፈጽመውም። እያለቀስሽ ስላላስጨረስሽኝ ምክንያቴን በጽሑፍ ላስረዳሽ።

ልጅሽ የቫይታሚን ሲ የፊት ውህድ መሸጫዋን ስትከፍት ሪባኑን የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትንም በአደባባይ ተናገርኩ፤ ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን እንዲሠራ ይረዳል፣ ቁስል እንዲጠግ ያግዛል፣ በልኩ ሲቀባም ፀሐይ በቆዳ ላይ የምታደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል አልኩ። አንዱም ሐሰት አልነበረም። «በልኩ» የምትለዋን ቃል ግን ጭብጨባው ዋጣት።

ደንበኞቿ አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ጠርሙሱን እየመለሱ «ይኼማ ውኃ ነው! ካልቆጠቆጠ ምኑን ሠራ?» ይሏት ነበር። ባለፈው ወር ውህዱን የምትበጠብጥበት የቫይታሚን ሲ ዱቄቷ ሲያልቅባት ለከረሜላ ሠሪዎች ከሚያቀርብ ነጋዴ፣ ጽሑፍ ከሌለው ከረጢት ገዝታ መጣች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰችውና ፊቷን አጨማድዳ «ጎምዛዛ ነው፤ ራሱ ነው! የኔ ምላስ እኮ ላቦራቶሪ ነው፣ አጎቴ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ዱቄቱ ለካ ከረሜላ የሚጎመዝዝበት ሌላ አሲድ ኖሯል። ደንበኞቿ እንዲቆጠቁጣቸው ስትል ደግሞ እጥፍ አድርጋ በጠበጠችው።

በሦስተኛው ቀን አምስት ሴቶች ፊታቸው ተቃጠለ። ከሁሉ የከፋባት አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ተቀብታው አድራ ፀሐይ ላይ ስለዋለች የጉንጯ ቆዳ ተገሽልጦ ሆስፒታል ገባች። በሆስፒታሉ የመጀመሪያዋን ቀን እንኳ ሳታገባድድ፣ በያጅ የሆነው ወንድሟ ስድስት ሰዎች አስከትሎ፣ የብረት ዘንግ ይዞ ወደ ሱቁ መጣ።

እህቴ፣ እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ፤ ያየሁትን አላለዝብልሽም። መስተዋቱን በአንድ ምት አወረደው። መደርደሪያው ሲወድቅ ወለሉ ሁሉ ስባሪና ፈሳሽ ሆነ። ልጅሽን በፀጉሯ ይዞ በስባሪው ላይ እየጎተተ ወደ እጅ መታጠቢያው አደረሳት፤ የአናቷ ፀጉር በጁ ተነቅሎ ቀረ። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ቀልብሶ ጠርሙሱን በጥርሱ ከፈተና «ለእህቴ የሸጥሽውን አንቺም ቅመሺዋ! ዓይንሽን ግለጪ!» አላት። እኔ በመካከላቸው ገባሁ። ጠርሙሱን ከእጁ ሳስጥል ጣቶቼ ሲቀጩ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ዘንጉ ግንባሬ ላይ አረፈ። ወሬ ስለሚያበዛ «ሬዲዮ» የምንለው ጎረቤት ፀጉር አስተካካይ ወንበሩን አንሥቶ ባይደርስልን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አታነቢም ነበር። እርሱም ሁለት የፊት ጥርሱን አጣ። አሁን ሲያወራ ያፏጫል፤ «ሬዲዮው ሞገድ ጠፋበት» እያሉ ይስቁበታል፣ እርሱም አብሮ ይስቃል።

ፖሊሶች ደርሰው በያጁን በደረቱ አስተኝተው ካሰሩት በኋላ በጫማቸው ጎኑን ይረግጡት ጀመር። ደሜን እየጠረግሁ «የታሰረ ሰው አይመታም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በማግሥቱ አዛዣቸው አልጋዬ ድረስ መጥቶ «ክቡር ሰብሳቢ፣ የልጅቷን ነገር እንተወው፤ ሰውየውን ግን እስር ቤት እናበሰብሰዋለን» አለኝ። አንቺ የጠየቅሽኝ ይኸው በሰሃን ቀርቦልኝ ነበር፤ አልነካሁትም። ጉዳዩ እስኪቋጭ ከሰብሳቢነቴ እንድነሣ ጽፌ አስገብቻለሁ። በችሎት ፊትም በያጁ ያደረገውን እመሰክራለሁ፤ ልጅሽ በምላሷ መርምራ መሸጧንና እኔ አጠገቧ ሆኜ መሳቄንም እመሰክራለሁ። በእርሱ ላይ እውነት፣ በእርሷ ላይ ዝምታ ብመርጥ፣ እርሱ በብረት የሠራውን እኔ በወንበሬ ሠራሁት ማለት ነው።

ልጅሽ በዋስ ወጥታ በየቀኑ ሆስፒታል ትሄዳለች። ሐኪሙ ልብስ ሰፊዋ ቁስሏ እንዲጠግ ፍራፍሬ እንድታዘወትር ማዘዙን ሰምታ ብርቱካን ልጣ አቀረበችላት። ሴትዮዋ «ፊቴን መልሺልኝ!» ብላ ሰሃኑን ወረወረችባት፤ የልጅሽ ከንፈር ተተረተረ። በማግሥቱ በተሰፋ ከንፈሯ ተመልሳ ሄደች። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ አልወረወረችም፤ አልበላችምም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የላክሽው ሹፌር ደጅ ቆሟል፤ ይህን ደብዳቤ ይዞ ባዶውን ይመለሳል። ልጅሽ ሻንጣዋን አላነሣችም። «እናቴ መኪና አትላክልኝ፤ ራሷ ትምጣና አጠገቤ ትቀመጥ» ብላለች። እህት ዓለም፣ ከዱላ አድኛታለሁ፤ ከፍርድ ግን አላድናትም። ቢፈረድባትም አጎቷ ነኝ፤ ስንቋን አመላልሳለሁ።

አባታችንን ጉልበቱን ስሚልኝ፤ ስለ ግንባሬ ስፌት አትንገሪው፣ የልጅ ልጁ ፍርድ ቤት መቅረቧን ግን አትደብቂው። ለባለቤትሽ ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ መቆጣቱን አውቃለሁ፣ ቁጣውን ይዞ ይምጣ። ሁለቱን ትንንሾች ጉንጫቸውን ስሚልኝ። ለአማትሽም እጅ ነሥቻለሁ። ችሎቱ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከልጅሽ ጎን ያለውን ወንበር ሰው እንዳይቀመጥበት እጠብቅልሻለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ ማዶ፣ ከቤቴ
ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፲፭ ቀን