ያለ እኔ የተሞላው ወለል

ጥቅምት 4
የምድር ቤቱ ምሰሶዎች አለቁ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ፎቅ ወለል… ስልኬ እስከ ምሳ ድረስ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ። "ጋሼ፣ ጠጠሩ የት ይራገፍ?" "ጋሼ፣ ይሄ ፌሮ ስንት ቁጥር ነው?" "ጋሼ፣ በርሜሉን ውሃ እንሙላው?" በርሜሉን እንኳ… ምሳዬን በቁሜ ዋጥ አደረግኩ። ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ፎርማን ሆኜ፣ ኮንክሪት ሲሞላ ያልቆምኩበት ወለል የለም። ማታ ይህንኑ ለባለቤቴ ስነግራት፣ "አንተን ጉንፋን ሲይዝህ ሕንፃውም ያስለዋል ማለት ነው?" አለችኝ።

ጥቅምት 7
ኢንጂነሩ ጠራኝ። ከወንዙ ማዶ ሌላ ሕንፃ ልንጀምር ነው። ሁለቱንም እኔ እንድመራ ይፈልጋል። ደረቴን ነፋሁ።
"ግን ሁለት ቦታ አይቆሙም። እዚህ ማንን ይተካሉ?" አለኝ።
ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ሰው ጠፍቶ ነው? አይደለም… ታዲያ ምንድን ነው?

ጥቅምት 8
ባለቤቴ የሃምሳውን ሎሚ ተረት ጀመረችብኝ። ኮንክሪት ሎሚ አይደለም፣ አልኳት። "ሸክም ግን ሸክም ነው" አለች።

ጥቅምት 9
ውሃ ልክ የምንላትን ሠራተኛዬን አሰብኳት። ፌሮ ስታስር ነው ያገኘኋት፤ ከእኔ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመቷ። ስሙን ያወጣንላት፣ ጠማማ ነገር ካየች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው። ጠራኋት።
"የወለሉን ሙሌት አንቺ ትመሪዋለሽ።"
ጓንቷን አወለቀች። "እርስዎስ?"
"ማዶ ነኝ።"
"የማይጥምዎት ነገር ባደርግ፣ መጥተው ይቀሙኛል?"
"አልቀማሽም።"
"እንዲያ ከሆነ እሺ።"
አልቀማሽም ያልኳት ቃል ቀላል ትመስላለች… ከአፌ የወጣችው ግን በግድ ነው።

ጥቅምት 15
በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። ዝም ብዬ ለማየት… ዛሬ አንዱን አናጺ ሳዝዝ አየችኝ። ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ "ጋሼ፣ ሁለት አለቃ ካለ ሰዉ የማንን ይስማ?" አለችኝ። በለሆሳስ ነው ያለችው፤ ሰው ፊት አላዋረደችኝም። ልክ ናት። ለካ ሥራውን ሰጠሁ እንጂ እጄን አላነሳሁም።

ጥቅምት 23
የሙሌቱ ቀን። እኔ ማዶ መሠረት አስቆፍራለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ኢንጂነሩ ደወለ። ተቆጥቷል።
"አላስጀምርም አለች። የኮንክሪት መኪኖቹ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ትጀምር ብለው ይንገሯት።"
ደወልኩላት። "ምን አየሽ?"
"ወለሉን ከሥር የያዙት የድጋፍ እንጨቶች፣ ሁለቱ ሰመጥ ብለዋል። መሬቱ ርሷል። ከየት እንደሆነ ገና አላወቅኩም።"
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ጭቃው እጄ ላይ ነው፣ ጋሼ።"
የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ከሄድኩ፣ አፌን ባልከፍት እንኳ፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማታል? ለኢንጂነሩ ደወልኩ።
"ዛሬ እዚያ ያለችው ፎርማን እሷ ናት። ይቁም ካለች ይቆማል።"
"ብትሳሳትስ?"
"የምጠየቀው እኔ ነኝ።"
መኪኖቹ ተመለሱ። እንዲህ ረጅም ረፋድ አይቼ አላውቅም… ስድስት ሰዓት ላይ ደወለች። የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ተሰንጥቆ መሬቱን ከሥር ሲያርሰው ነው የከረመው። የሰመጡት እንጨቶች ሁለት አይደሉም፣ ሰባት ናቸው። ሙሌቱ ተጀምሮ ቢሆን ወለሉ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ይቆም ነበር። የአሸዋው ክምር ላይ ቁጭ አልኩ።
እኔ ብሆንስ? እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። ሙሌት ሲሆን እኔ የምቆመው ላይ ነው። ፌሮውን አያለሁ፣ መኪናውን አያለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ… ሥር ለመውረድ ጊዜ የማገኝ አይመስለኝም።

ጥቅምት 27
ቧንቧው ተጠገነ። ጭቃው ወጥቶ ጠጠር ተጠቀጠቀበት። ድጋፉ እንደ አዲስ ቆመ። ዛሬ ሞሉት። ስልኬ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ባለቤቴ ናት። "ምሳ በላህ?" አለችኝ። ተቀምጬ፣ አልኳት።

ኅዳር 19
ዛሬ ኮንክሪቱን ይዞ የቆየው ጣውላ ከወለሉ ሥር ተነሳ። ልይ ብዬ ሄድኩ። አንድ ስንጥቅ የለው፣ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሏል። ኢንጂነሩ አጠገቤ ቆሞ ሽቅብ ሲያይ ቆየና፣ "እንዲህ ያለ ሰው አፍርተዋል ለካ" አለኝ። ስለ ራሴ ሥራ ብዙ ተመስግኛለሁ። አንዱም እንዲህ አንገቴን ቀና አላደረገኝም።
እሷ ጥግ ላይ ነበረች። የሁለተኛውን ፎቅ ፌሮ ለአንዲት አሳሪ ሰጥታ፣ እጇን አጣምራ ታያለች። አትናገርም፣ አትነካም። ይህን እኔ አላስተማርኳትም… እኔ ከእሷ ነው የተማርኩት።
ላዩንም ለማየት መሰላል ላይ ወጣሁ። ግማሹ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ለማዘዝ አፌን ስከፍት ከታች ጠራችኝ።
"ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ ይውረዱልን። ሰዎቼ ሊወጡበት ነው።"
ሰዎቼ፣ አለች። እሺ ብዬ ወረድኩ።