የጨጓራው ክኒን

ልጄ ኢስራ፣ በሰው አገር አላህ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ አላባራም፤ የገራዶው አጎትሽ ሰላም ብለውሻል።

ወንድምሽ አሚር መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ደህና ይተኛል፤ በጆሮው የሚመጣበት ድምፅም ቀንሶለታል። እኔን ያበገነኝ ሌላ ነው። ደሴ ሰው እንዳያየን ብለን ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ክኒኑን የሰጠን ነርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ለሰው የጨጓራ ነው ይበሉ» አለኝ። የተማረው ካፈረበት እኔ ምን ልሁን? እንዳለኝ አደረግኩ።

ሰኞ ጎረቤታችን መዲና ሆዷን ይዛ መጣችና ከአሚር ክኒን አንድ ስጪኝ አለች። እምቢ ስላት «አንድ ፍሬ ክኒን ትነፍጊኛለሽ?» ብላ ተቀየመችኝ። መረረኝና «የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ለጨጓራሽ አይሆንም» አልኳት። ጥላኝ ትወጣለች ስል ጭራሽ ተደላድላ ተቀመጠችና «የት ነው የሚሰጡት?» አለችኝ። ለካ የሷም ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት የዋለችው በጨጓራ አልነበረም።

አላህ ለሁላችሁም ዓፊያውን ይስጣችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ አሚርን ለሰው ጆሮ ብለሽ «ጨጓራህ እንዴት ነው?» አትበይው። ልጁ ሆዱን አሞት አያውቅም።

እናትሽ ዘሃራ