ዘሀራ የላሰችው ግድግዳ

ሰኞ

ዛሬም ስትልሰው ያዝኳት። ልብስ አስጥቼ ስገባ ነጃት ከበሩ ጀርባ ተንበርክካ የግድግዳውን ጭቃ በጥፍሯ እየፈቀፈቀች ወደ አፏ ትልካለች። ስጠራት ቀና ብላ ሳቀችልኝ። ከንፈሯም ጥርሷም አፈር ብቻ።

ከመላሷ ይልቅ ቦታው አስፈራኝ። ያቺ ጉድጓድ የዘሀራ ናት። ትልቋ ልጄ ዘሀራ በነጃት ዕድሜ እዚያው ተንበርክካ ነበር የምትፈቀፍቀው። አፈር የማይበላ ልጅ የለም እያልን እንስቅ ነበር። እየነጣች፣ እየደከመች ሄደች። ትኩሳት ሲመጣባት የምትችልበት አቅም አልነበራትም፤ ወሰዳት። ነጃት ያኔ ገና አልተወለደችም። ቦታውን ማን አሳያት?

ጤና ጣቢያ የነጃት ደም አንሷል ብለው የብረት ሽሮፕ ሰጥተውን ነበር። እኔ ጨርቅ ስሸጥ ገበያ ስለምውል የባለቤቴ እናት ናቸው የሚሰጧት። በኦሮምኛ አኮ ነው የምንላቸው። ሽሮፑ ሊያልቅ ነው፣ መዳፏ ግን አሁንም ነጭ ነው። ይህን ሳምንት ገበያ አልወጣም።

ማክሰኞ

ሳጸዳት ካካዋ ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። ከሰል የመሰለ።

አኮን ጠራኋቸው። አይተው አልደነገጡም። "ከጀመረችው ወዲህ እንዲሁ ነው፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ትደነግጫለሽ ብዬ ዝም አልኩ። መድኃኒቱ ሆዷን አቃጥሎት ነው። እኔ ወተቱን ጨመርኩላት።"

ወተቱ ከጨፋ ነው የሚመጣው። የባለቤቴ የሰይድ ወንድም ላም አለው፣ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ይልክልናል። እዚህ ቤት መራራ ነገር ሁሉ በወተት ነው የሚወርደው፤ ያበርዳል ይባላል። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው።

ረቡዕ

ሽሮፑን ዛሬ አልሰጠናትም። ሰይድ ተቆጣ። "የሐኪም መድኃኒት በገዛ ራስሽ ታቆሚያለሽ?" አለኝ። "ልጄ ከሆዷ እየደማች ዝም ልበል?" አልኩት። ተኮራርፈን ዋልን።

ከሰዓት ነጃትን ስጠራ "ዘሀራ!" አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አኮ ወደ መሬት አዩ። ነጃት ግን አቤት ብላ መጣች። ይሄ ሌላ ምንም አይደለም፣ ልጅ በየትኛውም ስም ይመጣል እያልኩ ራሴን ሳባብል ነው የዋልኩት። አልተባበለልኝም።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ሆዷን ነካክታ፣ የዓይኗን ውስጥ ገልጣ አየች። ጥቁሩን ስነግራት ሳቅ አለች፣ ፊቴን ስታይ ግን ተወችው። "ይሄ ደም አይደለም፣ ሰውነቷ ሳይወስደው የወጣ ብረት ነው" አለችኝ። ሁሉም አይገባም፣ ጥቂቱ ነው የሚቀረው። ደሙ ያነሰ ልጅ ሰውነቱ ስለሚራበው የተሻለ ይወስዳል፤ የነጃት ግን ለምን እንዳልወሰደ ግራ ገባት።

"በምንድን ነው የምትሰጧት?"

"በወተት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወተት ብረቱን እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ሻይም ከቡና የሚፈላው ሆጃም እንደዚያው አለች። ሽሮፑ ከምግብ ርቆ፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር። ወተቱ ቆይቶ፣ እሱም በልክ። የሆድ ትል መድኃኒትም ጨመረችልን፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለ፣ የገባውንም ይወስደዋል አለች። ደሟ ቶሎ አይሞላም፣ ወራት ይፈልጋል። የአፈር አምሮቷ ግን ቀድሞ ሊተዋት ይችላል።

ልወጣ ስል፣ "አፈር የምትልስ ሌላ ልጅ ነበረችኝ" አልኳት። ነበረችኝ ስል ገባት። "የአፈር አምሮት አንዱ የደም ማነስ ምልክት ነው" አለች ቀስ ብላ።

ባጃጅ ውስጥ ይህችው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበረች። ልጄ በምታውቀው መንገድ ስትለምነን ስቀንባታል። ያ ረቢ።

ጁምዓ

ብርቱካን ገዛሁ። ቢስሚላህ ብዬ በራሴ እጅ ሰጠኋት። ግማሹን ተፋችው። ድጋሚ ልስጣት አልስጣት ሳመነታ ተውኩት።

አኮ ከበሩ ላይ ተቀምጠው የወተቱን ቅል አቅፈዋል። "ወተት እኮ ነው፣ መርዝ አልሰጠኋት" አሉ። "የሰጡት ከፍቅር ነው፣ አላህ ያውቃል" አልኳቸው። አለቀሱ። "ለዘሀራስ ምን አጉድዬባት ነበር?" አሉኝ።

እሑድ

ሰይድ ዛሬ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ሊሸጥ አልሄደም። ጭድና ጭቃ አቡክቶ ጉድጓዷን ሊለስን መጣ። ከፊቱ ቆምኩ።

"ተመልሳ እንድትልስ ነው?" አለኝ።

"ከደፈንከው የተወችው ድና ይሁን አፈር አጥታ በምን አውቃለሁ?"

ሌላም አለ፣ ያልነገርኩት። ከጉድጓዷ ሥር ትንሽ ጣት የፈቀፈቀበት ምልክት አለ፣ ከነጃት ጣት ይሰፋል፤ የዘሀራ ነው። ዝቅ ብሎ ሲያይ እሱም አየው መሰለኝ። ጭቃውን ይዞ ወጣ።

ሐሙስ፣ የቀጣዩ ሳምንት

ብርቱካኑን አሁን አኮ ናቸው የሚጨምቁት። ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ወተቷን ከሰዓት ትጠጣለች። ካካዋ አሁንም ጥቁር ነው፤ አልፈራውም ብል ውሸቴን ነው፣ ግን እያየሁ እችለዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት በሩ ጋ ቆሜ ሳያት ወደ ግድግዳው ሄደች። አልጠራኋትም። ተንበርክካ ጣቷን ጉድጓዷ ውስጥ ከተተች፣ አወጣችው፣ ትንሽ አየችው። ከዚያ ተነስታ መጥታ ጭቃውን በቀሚሴ ጠረገችው።

አኮ አልሐምዱሊላህ አሉ። እኔ አላልኩም፣ ፈራሁ። ነገ ልትመለስ ትችላለች። መዳፏ ገና ነጭ ነው።

ዛሬ ግን አልላሰችም።